አርማውን ብንሸፍነው በምን ይታወቃል? ስለ ቮልስ እና ስለ ዘንድሮዎቹ ቮልስዋገኖች

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጥያቄዬ አጭር ናት። የዘንድሮዎቹን ቮልስዋገኖች የፊት አርማቸውን ብትሸፍኑባቸው በምን ትለዩዋቸዋላችሁ? ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣውን የቸርችልን ዳገት ያዙና የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መኪና ተመልከቱ። የቮልስዋገኑ አይዲ 4 በሽ ነው። ከጎኑ ከሚሄደው ሌላ የኤሌክትሪክ መኪና ለመለየት ግን ተጠግቶ ማየት ይጠይቃል። ቀጭን መብራት፣ ያበጠ ጎን፣ ከፊት ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መስመር፤ ሁሉም ጋ አለ።

ቮልስን፣ ያን የድሮውን ቢትል፣ ማንም አይስተውም። ስሙን የማያውቅ ሕፃን እንኳ ወረቀትና እርሳስ ብትሰጡት ሁለት ቅስት ስቦ ያሳያችኋል።

የኔ አቋም ይኸው ነው። ያጣነው ክብነቱን አይደለም። የቮልስ ወግ ውጩ የውስጡን መናገሩ ነበር። ከኋላ መስተዋቱ ሥር ያሉት ስንጥቆች ሞተሩ የት እንዳለና በምን እንደሚቀዘቅዝ ይነግሯችኋል። ከፊት ግሪል የለውም፤ ራዲያተር ስለሌለው ነው። ፓራፋንጎዎቹ በቡሎን መታሰራቸው ያስታውቃል፤ አንዱ ቢገጭ ፈትቶ መለወጥ ነው። አዲሱ መልክስ ስለ ውስጡ ምን ይነግረናል? የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

(የመድረኩ ውይይት፣ ማለትም ክሩ፣ ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የተሳደቡትን ስድባቸውን አስቀርቼ ነው ያስገባኋቸው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ምላሽ 1። ጨዋ አጀማመር ነበር። አቋምህን እጋራለሁ፣ ጊዜውን ግን አስተካክል ይላል። ቮልስዋገን ከወጉ የተፋታው በኤሌክትሪክ ዘመን ሳይሆን ጎልፍ በወጣ በ1974 ነው። ሞተሩ ወደ ፊት መጣ፣ ማቀዝቀዣው ውኃ ሆነ፣ የሚገፋው የኋላ ጎማ ቀርቶ የፊት ጎማ ይጎትት ጀመር፣ ቅርጹንም ጣሊያናዊው ጁጃሮ በማስመሪያ የተሰመረ አስመስሎ ሣለው። ያኔም ሰው ፊቱን አጥፍቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ጎልፍ ራሱ ወግ ተብሎ ይጠቀሳል። ስለዚህ አይዲ 4ን ለመፍረድ ሃምሳ ዓመት ጠብቁ ብሎ ዘጋ። ጥሩ ነጥብ ነው። ብቻ ጎልፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎልፍ መሆኑ ከመንገዱ ማዶ ይለይ ነበር፣ ይህን እሱም አልካደም።

ምላሽ 2። ቮልስ ከተፈጠረ ጀምሮ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻው እስኪወጣ ድረስ ምንም አልተለወጠም፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራውም ለዚህ ነው ይላል። ቁጥሩ ልክ ነው። ቀሪውን የሚቀጥለው መልስ አረመው።

ምላሽ 3። ይህን የጻፉት በመድረኩ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጎላ ሚካኤል አካባቢ የሚኖሩና የስልሳዎቹን ቮልስ 1300 እስከ ዛሬ የሚነዱ ሰው ናቸው። አልተለወጠም የሚለውን ወሬ ከየት እንዳመጣችሁት እንጃ ብለው ጀመሩ። የኋላው መስተዋት እስከ 1953 ለሁለት የተከፈለ ነበር፣ ቀጥሎ እንቁላል መሰለ፣ ከዚያ ሰፋ። ኤሌክትሪኩ ከ6 ቮልት ወደ 12 ሄደ። ሞተሩ ከ1,131 ሲሲና ከ25 የፈረስ ጉልበት ተነስቶ 1,600 ሲሲ ደረሰ። ሶማሌ ተራ ገብታችሁ የቮልስ ዕቃ ብትጠይቁ ባለ ሱቁ ከዋጋ በፊት የስንት ዓመተ ምሕረት ነው የሚላችሁ ለዚህ ነው። በየዓመቱ ሆዱ ይለወጣል፣ ፊቱ ግን ይታወቃል። ወግ ማለት ለሳቸው ይኸው ነው።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው የቺንጋ፣ ማለትም የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው ቀበቶ፣ አጠባበቅ አስተማሩን። ሁሉንም እዚህ ማስቀመጥ አልችልም፣ አንዱን ግን ላልፈው አልወደድኩም። የዲናሞው ፑሊ፣ ቺንጋው የሚዞርበት መዘውር፣ ሁለት ግማሽ ነው፤ በሁለቱ መካከል እንደ ሳንቲም ስስ የሆኑ የብረት ቀለበቶች አሉ። ቺንጋው ሲላላ ፑሊው እንዳይዞር ጠርዙ ላይ ካለው ጎድጎዳ ካቻቢቴ ያስገባሉ፣ ዳዶውን በ21 ቁልፍ ይፈታሉ፣ ከመካከል አንድ ቀለበት አውጥተው ከውጭ ደርበው መልሰው ያስራሉ። ግማሾቹ ሲቀራረቡ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣና ይጠብቃል። የወጣው ቀለበት አይጣልም፤ እዚያው ዳዶው ሥር ተደርቦ የሚቀጥለውን ጊዜ ይጠብቃል። ካንዴላ ሲያዩም ከሦስተኛው ሲሊንደር ነው የሚጀምሩት። በሳቸው ዘመን ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው የንፋሱን መንገድ ስለሚጋፋው ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። እኔ ስለ መልክ ጠይቄ መልሱ በካቻቢቴ መጣልኝ፤ አልከፋኝም።

ምላሽ 4። መሐንዲስ ነኝ ያለ ልጅ ነው። ትሕትና አለው፤ ጋሼን ከልቡ አመስግኖ ነው የገባው። መኪናዎቹ የተመሳሰሉት ሠዓሊ ጠፍቶ አይደለም ይላል። አንደኛ ነፋስ፦ የቮልስ የነፋስ መቋቋሚያ ቁጥር (ሲያንስ ነው የሚሻለው) 0.48 አካባቢ ነው፣ የአይዲ 4 ደግሞ 0.28። ክብ ነገር ሁሉ ነፋስ ይከፍላል ብሎ የሚያስብ ይህን ይመልከት። ነፋስ የሚወደው ሾጠጥ ብሎ የሚያልቅ ጀርባ ነው፤ ሁሉም ፋብሪካ ይህን መልስ ሲፈልግ አንድ ቦታ ይገናኛል። ሁለተኛ ባትሪ፦ ወለሉ ሥር ስለሚነጠፍ ሰውየው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ጣሪያው ከፍ ይላል፣ ያ ቁመት ቀጭን እንዲመስል ደግሞ ጎኑ በመስመር ይቀረጻል፣ ጎማው ይተልቃል። ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ ነው፤ ትልቁን ባትሪ የያዘ አይዲ 4 ከሁለት ቶን ያልፋል። ሦስተኛ የእግረኛ ደኅንነት ሕግ፦ የተገጨ ሰው ጭንቅላት ከጠንካራ ብረት ጋር እንዳይገናኝ ኮፈኑ ከፍ ማለት፣ ሥሩም ባዶ መሆን አለበት።

ምላሽ 5። በአጭሩ ሳቀበት። ሜክሲኮ አደባባይ ማታ 12 ሰዓት ላይ የትኛውን ነፋስ ነው የምትሰነጥቀው ነው ነገሩ።

ምላሽ 6። መሐንዲሱ ተመልሶ የአዳማን የፍጥነት መንገድ አስታወሰ። እዚያ ላይ የነፋሱ ቁጥር በቀጥታ ወደ ባትሪ ፐርሰንት ይለወጣል፤ ሰው አዳማ ደርሶ ሳይሞላ መመለስ የሚችለውና የማይችለው በዚህ ነው ይላል። የ5 ቁጥሩም ተቀበለ፤ እሱ የሚኖረው ግን ሜክሲኮ መሆኑን ደግሞ አሳሰበ።

ምላሽ 7። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። አይዲ 4 ለቮልስ ከጎልፍ ይልቅ ይቀርባል ይላል። መነሻው ሞዴል ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚገፋውም የኋላ ጎማ ነው። ከላይ ግሪል የለውም፣ ከታች ብቻ ነው አየር የሚስበው። አጥንቱን ካያችሁ አያት የልጅ ልጁን አገኘ ማለት ነው። ታዲያ ለምን አይመስልም? ቅርጹ የተዋሰው ከቤንዚን ኤስዩቪ ስለሆነ። ከፊት ረዥም ኮፈን አለው፤ ስትከፍቱት ግን ዕቃ ማስቀመጫ የለም። የ12 ቮልት ባትሪ፣ የማቀዝቀዣ ቱቦና የፍሬን ዘይት ነው የምታዩት። ቮልስ ያን ቦታ ለሻንጣና ለትርፍ ጎማ ይጠቀምበት ነበር።

እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። ሞተር የሌለበት ኮፈን ሞተር እንዳለበት መስሎ ከተሠራ ውጩ ስለ ውስጡ ዋሽቷል። መሐንዲሱ የእግረኛ ሕግ አስገድዶ ነው ሊል ሞከረ። ከፍታውን ሕጉ ያስገድድ ይሆናል፤ ዕቃ ማስቀመጫ አትሥሩ የሚል ሕግ ግን የለም። ሌሎች ፋብሪካዎች ሠርተውታል።

ምላሽ 8። ካዛንቺስ የምትሠራ፣ የአይዲ 4 ባለቤት የሆነች እህት ናት። ትዝታችሁ ሰልችቶኛል ብላ ገባች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ቸርችልን ሳይጀምረው ይጥላል፤ የእሷ መኪና ግን ለከፍታው ግድ የለውም። ማደያ አትሰለፍም፣ ሌሊት ቤቷ ትሞላለች። መልኩን በተመለከተ ደግሞ ንጹሕ ነው፣ አያስጮኽም፣ ለሷ ይበቃል።

ውስጡን ግን አልማረችውም፤ ለዚህ ነው ቃሏን የማምነው። ወደ እኛ የሚገባው ብዙው ለቻይና ገበያ የተሠራው ስለሆነ ሜኑው ቻይንኛ ነው፣ የቻርጀሩ ሶኬትም የቻይናው ደረጃ ነው። ለአራት መስኮት ሾፌሩ በር ላይ ሁለት ማብሪያ ብቻ አለ። የኋላውን ለመዝጋት መጀመሪያ አንድ የሚዳሰስ ነጥብ መንካት ያስፈልጋል፤ ነጥቡ ሲነካ ቀጭ አይልም፣ ስለዚህ ዓይንህን ከመንገዱ ማንሳት አለብህ። ክረምት ላይ ጣትህ ረጥቦ፣ ዝናቡ ከኋላ በተቀመጠው ልጅ ላይ እየገባ ይህን ሞክረው ትላለች። የድምፅና የሙቀት ማስተካከያውም በጣት የሚንሸራተት ሆኖ፣ በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ ማታ ብርሃን እንኳ አልነበረውም።

ምላሽ 9። እዚህ ነገር ተበላሸ። ጎማ ያለው ቴሌቪዥን ገዝተሽ ስለ መኪና አታውሪ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ፤ ቀሪውን አላስገባሁትም።

ምላሽ 10። 8 ቁጥሯ መለሰች። አንቺ ያልከኝ የት ተዋውቀን ነው፣ እርስዎ በል፣ ከዚያ እንነጋገር ብላ። ቀጥላም መኪናዋን በራሷ ደመወዝ እንደገዛችና ዘጠኝ ቁጥሩ በቮልስ ፎቶ ብቻ ይፎክር እንደሆነ ጠየቀች። ሰውየው ቮልስ እንደሌለው ቆይቶ ታወቀ።

ምላሽ 11። ጸቡን ያበርዳል ብዬ ነበር፤ ቤንዚን ሆነ። ወግ ወግ የምትሉት ራሱ የተወሰደ ነው ይላል። የቼኮዝሎቫኪያው ታትራ ከኋላ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያለው ክብ መኪና ቀድሞ ሠርቷል። ከሷል፤ ቮልስዋገንም ከጦርነቱ በኋላ ገንዘብ ከፍሎ ተስማምቷል። መኪናውን ያሠራው ደግሞ ሂትለር ነው፤ ናፍቆታችሁን ከየት እንደምታነሱት እወቁ አለ።

ምላሽ 12። ታሪክ አዋቂ ነው፣ ቁጣ የለውም። የንድፍ አውጪውን የፈርዲናንድ ፖርሸን መኪና ናዚዎች ለፕሮፓጋንዳ እንደተጠቀሙበት እሙን ነው፤ ለሲቪሉ ሕዝብ የተሸጠውና ዓለም ያወቀው ቮልስ ግን ከጦርነቱ በኋላ የፈረሰውን ፋብሪካ ሥራ ያስጀመረው እንግሊዛዊ መኮንን አይቫን ኸርስት ውጤት ነው ብሎ አስረዳ። ለኔ የሁለቱም መልስ ከጥያቄው ወጣ ያለ ነው። የቅርጹ ምንጭ ማን ይሁን ማን፣ ስልሳ ዓመት ይዞ የቆየው ፋብሪካ ነው ወጉን ወግ ያደረገው።

ምላሽ 13። ሁልጊዜ እንደሚሆነው አንድ ሰው ላንድክሩዘር ይዞ መጣ። ከ1984 ጀምሮ ያው 70ኛው ተከታታይ፣ በየክልሉ ጭቃ ውስጥ ያው ሣጥን፣ ማን ተለወጠ አለው?

ምላሽ 14። ተለወጠ እንጂ፣ ክብ መብራቱን ጥሎ ነበር አለው። በ2007 ማዕዘን ያለው መብራት አስገቡለት፣ በ2023ቱ እድሳት ደግሞ ወደ ክቡ መለሱት። ቶዮታ ተሳስቻለሁ አላለም፣ መብራቱን ብቻ መለሰ።

ምላሽ 15። ከዚህ በኋላ ክሩ የጀርመኖች ሆነ። ቢኤምደብልዩ ከ1933 ጀምሮ የያዘውን የኩላሊት ግሪል በ2020ው 4 ሲሪስ ላይ እስከ ባምፐሩ ድረስ አወረደው። ወጉን አልጣለም፣ ወጉን አስጮኸው። አዲሱ አይኤክስ 3 ላይ ደግሞ በስልሳዎቹ መኪኖቻቸው እንደነበረው ቀጭንና ቁመታም አድርገው አሳንሰውታል። መርሴዲስ በተቃራኒው ኢኪውኤስን ለነፋስ ሲል አለስልሶ አለስልሶ መርሴዲስ መሆኑን የሚናገር ነገር አሳጣው፤ ቀጥሎ የመጣው የኤሌክትሪክ ጂኤልሲ ግን ትልቁን ክሮም ግሪል ይዞ ተመለሰ። አየር የማይገባበት ግሪል።

ሁለቱም ጥፋት ነው እላለሁ። ግን እኩል አይደለም። ፊቱን ያጣ መኪና ያሳዝነኛል፤ የማይሠራ ግሪል በአምፖል አጊጦ ሲመጣ ግን ያናድደኛል።

ምላሽ 16። ለኔ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው፣ በአክብሮት። ፊት መመለስ መድኃኒት ከሆነ ኒው ቢትልን አስታውስ ይላል። በ1997 ወጣ፤ ክቡ ሁሉ አለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ሳይቀር። ኮፈኑን ስትከፍተው ግን የጎልፍ ሞተር ከፊት ተቀምጧል። በ2011 ለተተኪው ቦታ ለቀቀ፤ የተተኪው ምርት በ2019 ሲያልቅም እንደ አያቱ ያለቀሰለት የለም። አይዲ በዝስ ይላል፣ የ1950ውን ቮልስዋገን ሚኒባስ ሁለት ቀለምና ትልቅ አርማ ይዞ በ2022 መጣ፤ እሱንም ሰው ቆሞ ያየዋል፣ ዋጋውን ሰምቶ ያልፋል።

በኒው ቢትል እስማማለሁ፤ የኔም ጥያቄ ስለ ክብነት አልነበረም። በዝ ግን ይለያል። ሞተሩ እንደ ጥንቱ ከኋላ ነው፣ ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ውስጡ ሰፊ፤ ሣጥን መምሰሉ ሣጥን ስለሆነ ነው።

ምላሽ 17። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ስትፈርስ ዝም ብላችሁ ለቆርቆሮ ታለቅሳላችሁ የሚል ነበር። ከ18 እስከ 20 ያለው ስለ ኮሪደር ልማት፣ ስለ ሕንፃ ቀለምና ስለ ማኪያቶ ዋጋ ነው። አንዱ የድሮ ላዳ ታክሲ ፎቶ ለጥፏል፤ ቆንጆ ነው፣ አይመለከተንም።

ምላሽ 21። ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ አጻጻፉ ቁጥብ ነው። ለአሮጌ መኪና የኤክሳይስ ታክሱ በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ከከበደ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ ግቢው የሚገባው መኪና ዓይነት ተለውጧል። ስለ መልክ የምትጨቃጨቁት ባለቤቶች ናችሁ ይላል፤ እሱ የሚያየው ከሥር ነው። ከሥር ሲታይ አይዲ 4 አንድ ጠፍጣፋ የባትሪ ሣጥንና ብርቱካናማ ኬብል ነው። ብርቱካናማው ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሆነ ያለ ጓንትና ያለ ሥልጠና እጅ አይገባበትም። እሱ እየተማረ ነው፣ ልጆቹን ግን ገና አያስነካቸውም። ጋሼ ቁጥር 3 ላይ የጻፉትን የቺንጋ ነገር አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ረዳት ያደርገዋል። ጎማ አጥፊው ደግሞ ክብደቱ ነው፤ ሁለት ቶን በኛ መንገድ ላይ የሱስፔንሽን ቡሽ አያቆይም። መልኩ ለምን እንዲህ ዝግ እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ፣ እንድትከፍቱት ስላልተፈለገ ነው ብሎ ጨረሰ።

ይህን ከምላሽ 7 ጎን አስቀምጡልኝ። ለስላሳ፣ ስፌት የማይታይበት፣ ቡሎኑ የተደበቀ መልክ ስለ ውስጡ አንድ ነገር ይናገራል ለካ፤ አትንኩኝ ይላል። የቮልስ ወግ ግን ና ንካኝ ነበር። ቮልስዋገን ይህን ወግ ይመልስልኝ እንጂ ክብ መብራት አልፈለግሁም።

ምላሽ 22። መሐንዲሱ ነው፤ ትንሽ ተስፋ ይዞ ተመለሰ። ከ2023 ጀምሮ የቮልስዋገን ዲዛይን ኃላፊ የሆነው አንድሬያስ ሚንት ለድምፅ፣ ለሙቀት፣ ለንፋስና ለአደጋ መብራት የሚጫኑ ቁልፎች በመጪዎቹ መኪናዎች ሁሉ ይመለሳሉ ብሏል። ትንሹ ኤሌክትሪክ መኪናም በቁጥር መጠራቱ ቀርቶ አይዲ ፖሎ ተብሏል፣ ፊቱም የድሮውን ጎልፍና ፖሎ የሚያስታውስ ነው። ይህ እንግዲህ ፋብሪካው ራሱ ቅሬታውን መስማቱን ያሳያል ባይ ነው።

ምላሽ 23። 8 ቁጥሯ ናት። አራቱም መስኮት የየራሱ ማብሪያ ካለው ትለውጣለች፤ መልኩን ካርቶን ቢያስመስሉት ግድ የላትም።

ምላሽ 24። 9 ቁጥሩ ነው፤ በእርስዎ ይቅርታ ጠይቋል። ከዚያም ጋሼን ቮልሳቸውን ይሸጡ እንደሆነ ጠየቀ።

ምላሽ 25። ጋሼ ናቸው። አይሸጥም። ግን ቅዳሜ ከሰዓት ጎላ ሚካኤል ከመጣ ቺንጋ ያሳዩታል፣ ካቻቢቴ ይዞ ይምጣ።